«አት ቴክ ኦፍ»፦ አንድ ፍሬዛል ቨርብ፣ ሁለት ሰሚ፣ ሁለት ትርጉም

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ቴክ ኦፍ» የሚለውን ፍሬዛል ቨርብ (ግስና እንደ «ኦፍ» ያለ ትንሽ ቃል ተጣምረው አንድ ትርጉም የሚሰጡበትን) ገና በጠዋቱ ያገኘዋል። አውሮፕላን ሲነሳ «ቴክ ኦፍ» ነው። ጫማ ሲወልቅም «ቴክ ኦፍ» ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ደብተር ላይ ይጻፋሉ፣ ይሸመደዳሉ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ፍሬዛል ቨርብ ለምን እንደሚያስቸግር ለማሳየት ግን ከዚህ «ቀላል» ቃል የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። አንድ ቀን ተናጋሪው ያሰበውና ሰሚው የተረዳው አልገጠመም። የተባለው ሁሉ በድምፅ መቅጃ ቀርቷል፤ መርማሪዎችም ቃል በቃል አይተውታል።

ጉዳዩ የቴነሪፍ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977፣ እሑድ ዕለት፣ በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ ሎስ ሮዴዎስ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። በአውሮፕላን አደጋ ታሪክ ከዚህ የከፋ የለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አደጋውን ሰዋስው አመጣው እያልኩ አይደለም። ጉም ነበር፣ የማረፊያው መጨናነቅ ነበር፣ የመዘግየት ጭንቀት ነበር። የምርመራው ሪፖርትም ዋናው ምክንያት የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መነሳቱ ነው ይላል። ቋንቋው ግን ስህተቱን ሊይዝ የሚችል የመጨረሻው መረብ ነበር። መረቡ የተቀደደው ደግሞ እንደ «ቴክ ኦፍ» እና «ስታንድ ባይ» ባሉ፣ ማንም ተማሪ አውቃቸዋለሁ በሚላቸው ቃላት ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዴት እዚያ ደረሰ

ሁለቱም አውሮፕላኖች ቴነሪፍ የማረፍ ሐሳብ አልነበራቸውም። መድረሻቸው ጎረቤቷ ደሴት ግራን ካናሪያ ነበረች። እዚያ ማረፊያው ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፤ ሁለተኛ ቦምብ አለ የሚል ማስፈራሪያም ተከተለ። ማረፊያው ሲዘጋ አውሮፕላኖቹ ወደ ሎስ ሮዴዎስ ዞሩ። ሎስ ሮዴዎስ ያለው አንድ መንደርደሪያ ብቻ ነበር። ከጎኑ ያለው መተላለፊያም በቆሙ አውሮፕላኖች ተጣቧል። ስለዚህ መነሳት የፈለገ ሁሉ በራሱ በመንደርደሪያው ላይ እስከ ጫፍ አኮብኩቦ፣ እዚያ ዞሮ፣ በመጣበት መንገድ መንደርደር ነበረበት።

ኬኤልኤም 4805 ቀድሞ ሄዶ ጫፉ ላይ ዞረ። የአሜሪካው አየር መንገድ አውሮፕላን ፓን አም 1736 በዚያው መንደርደሪያ ከኋላው እያኮበኮበ ነበር፤ መሐል ካሉት መውጫዎች በሦስተኛው እንዲወጣ ታዟል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ደመና ሲወርድ ይውጠዋል። በዚያ ሰዓት ማማው ላይ ያለው የበረራ ተቆጣጣሪ አውሮፕላኖቹን አያይም፤ እነሱም እርስ በርስ አይተያዩም። የምድር ራዳር የለም። ማን የት እንዳለ የሚታወቀው በሬዲዮ በሚባለው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ስፔናዊ ነው፤ የኬኤልኤም ሠራተኞች ሆላንዳውያን ናቸው፤ የፓን አሞቹ አሜሪካውያን። መግባቢያው እንግሊዝኛ ነው። ማለትም ዋናው ንግግር የተካሄደው እንግሊዝኛን ተምረው ባወቁ ሁለት ወገኖች መካከል ነው። የእኛ ጉዳይ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የተባለው

ከቀኑ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አልፏል። የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ ለማማው እንዲህ ይላል፦ «ሬዲ ፎር ቴክ ኦፍ፤ ኤንድ ዊ አር ዌይቲንግ ፎር አወር ኤቲሲ ክሊራንስ።» ለመነሳት ዝግጁ ነን፤ የጉዞ መስመር ፈቃዳችንን እየጠበቅን ነው ማለቱ ነው። እዚህ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች አሉ። አንዱ «ከተነሳችሁ በኋላ በዚህ በኩል ብረሩ» የሚል የመስመር ፈቃድ ነው። ሌላው «አሁን ተነሱ» የሚለው ነው።

ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ብቻ ሰጠ። «ዩ አር ክሊርድ ቱ ዘ ፓፓ ቢከን» (እስከ «ፓፓ» የሬዲዮ ምልክት ጣቢያ ተፈቅዶላችኋል) ብሎ ጀመረ፣ ከፍታውን ነገረ፣ ቀጥሎም «ራይት ተርን አፍተር ቴክ ኦፍ» አለ። ከተነሳችሁ በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፉ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ «ቴክ ኦፍ» እዚህ ፈቃድ አይደለም። መቼ መታጠፍ እንዳለባቸው የሚያመለክት የጊዜ ምልክት ብቻ ነው። ግን ሞተር አስነስቶ ለሚጠብቅና ለቸኮለ ሰው ጆሮ «ክሊርድ» የሚል ቃልና «ቴክ ኦፍ» የሚል ቃል በአንድ ትንፋሽ ገብተዋል።

ረዳት አብራሪው የተባለውን መልሶ አነበበ። ሲያነብ ካፒቴኑ በደችኛ «እየሄድን ነው» ብሎ አውሮፕላኑን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ረዳቱም ንባቡን በዚህ ቋጨ፦ «ኤንድ ዊ አር ናው አት ቴክ ኦፍ።»

ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ፣ «ስታንድ ባይ ፎር ቴክ ኦፍ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ሲል ጨመረ። ፓን አሞቹም ነገሩ ስላላማራቸው በዚያው ቅጽበት «ዊ አር ስቲል ታክሲንግ ዳውን ዘ ራንዌይ» አሉ፤ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን። ሁለት ሰው በአንድ የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ጊዜ ሲናገር ድምፁ ይጋጫል። ኬኤልኤም ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነበር። ቀሪው እንደ ፊሽካ በሚጮህ ድምፅ ተበላሸ።

ከዚያ ወዲያ ተቆጣጣሪው ፓን አምን መንደርደሪያውን ሲለቅ እንዲያሳውቅ ጠየቀው፤ ይህ በኬኤልኤም ውስጥም ተሰምቷል። የበረራ መሐንዲሱ ጠረጠረ። ያ ፓን አሜሪካን ገና አልወጣም እንዴ ብሎ በደችኛ ጠየቀ። ካፒቴኑ «አዎ፣ ወጥቷል» አይነት እርግጠኛ መልስ ሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ተጋጩ። ኬኤልኤም ላይ ከነበሩት 248 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ከፓን አም 61 ተረፉ።

ጨዋታው ያለው «አት» ላይ ነው

ረዳት አብራሪው «አት ቴክ ኦፍ» ሲል «እየተነሳን ነው» ማለቱ ነበር። ተቆጣጣሪው የሰማው «መነሻ ቦታችን ላይ ነን» የሚል ነው። ለዚህም ነው «ኦኬ፣ ጠብቁ» ያለው። በእሱ አእምሮ አውሮፕላኑ ቆሟል።

ተቆጣጣሪውን በደፈናው መውቀስ አይቻልም። በእንግሊዝኛ «አት» ብዙውን ጊዜ ቦታ ወይም ጊዜ ነው የሚይዘው፤ «አት ዘ ዶር» በር ላይ፣ «አት ስኩል» ትምህርት ቤት። ረዳት አብራሪውንም ቢሆን ምን ነካው ማለት ይከብዳል። የቋንቋ ባለሙያዎች እንደሚሉት ደችኛ በሂደት ላይ ያለን ድርጊት የሚገልጸው ከ«አት» ጋር በሚቀራረብ መስተዋድድና በግሱ ዋና ቅርጽ ነው። ቋንቋውን ካላወቃችሁ አይክበዳችሁ፤ አማርኛም እንዲሁ ያደርጋል። «በመነሳት ላይ ነን» ስንል «ላይ» የቦታ ቃል ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ ጣራ ላይ፣ መነሳት ላይ። ሐሳቡ ግን ቦታ አይደለም፤ ድርጊቱ እየተካሄደ ነው ማለት ነው። በጥድፊያ መሐል ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞር አማርኛ ተናጋሪ ያው «አት ቴክ ኦፍ» ዓይነት ነገር ቢወጣው አይገርምም። እንግሊዝኛ ራሱ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። «አት ዎርክ» አንዳንዴ ሥራ ቦታ ነው፣ አንዳንዴ እየሠራ ነው። «አት ዋር» ደግሞ እየተዋጉ ነው እንጂ ጦርነት የሚባል ሰፈር አይደለም።

ሌላም መባል ያለበት አለ። ድምፁ በዚያ ቦታ ጥርት ያለ አይደለም። ሪፖርቱ ራሱ ሐረጉ «አት ቴክ ኦፍ» ወይም እንደ መንተባተብ ብሎ የወጣ «ቴኪንግ ኦፍ» ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። ለእኔ ይህ ነጥቡን የበለጠ ያጠነክረዋል። የሁለቱ ልዩነት በጆሮ ኢምንት ነው፤ በትርጉም ግን የቆመና የሚበር አውሮፕላን ያህል ይራራቃሉ።

ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? ሰዋስው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለተማሪ የሚጠቅመው ስፍራ ይህ ነው።

«ቴክ ኦፍ» ግስ ሲሆን ጊዜ ይሸከማል። «ቱክ ኦፍ» ተነሳ፤ አልቋል። «ኢዝ ቴኪንግ ኦፍ» እየተነሳ ነው። «ዊል ቴክ ኦፍ» ይነሳል፤ ገና ነው። የጊዜው መረጃ ያለው «ቴክ» ላይ ነው፤ «ኦፍ» አይለወጥም። ግሱን ወደ ስም ስንቀይረው ግን ያ ሁሉ ይራገፋል። «ቴክ ኦፍ» ስም ሲሆን «መነሳት» ነው። ትናንት ይሁን አሁን፣ ተጀምሮ ይሁን ታስቦ፣ አይናገርም። በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጊዜን የሚያመለክት የቀረው «ናው» ብቻ ነበር። «አሁን መነሻው ላይ ነን» እና «አሁን እየተነሳን ነው» ሁለቱም «አሁን»ን በደስታ ይቀበላሉ። ምንም አልረዳም።

ብዙ ፍሬዛል ቨርቦች እንዲህ ዓይነት የስም ወንድም አላቸው። በድምፅም ይለያያሉ። ግስ ሲሆን ጫናው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቃል ላይ ያርፋል፤ ቴክ *ኦፍ*። ስም ሲሆን በመጀመሪያው ላይ፤ *ቴክ* ኦፍ። በአጻጻፍም ግሱ ሁለት ቃል ነው፤ ስሙ በሰረዝ ወይም ተያይዞ ይጻፋል። በሚጮህ ሬዲዮ ላይ በሁለት የተለያዩ አፍ መፍቻዎች ቃና ሲነገር ግን በጫና ልለይ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

«ስታንድ ባይ»ና «ክሊር»

የተቆጣጣሪው መልስ ራሱ ሌላ ፍሬዛል ቨርብ ነበር። «ስታንድ ባይ» በሬዲዮ ቋንቋ «ጠብቅ» ነው። በተራው እንግሊዝኛ ግን «ዝግጁ ሁን» ም ይሆናል። «ሺ ስቱድ ባይ ሂም» ካልን በችግሩ ጊዜ ከጎኑ አልተለየችም። «አይ ስታንድ ባይ ማይ ዎርድ» ካልን በቃሌ እጸናለሁ። «ዴይ ጀስት ስቱድ ባይ» ካልን ደግሞ ሌላው ሲቸገር እጃቸውን አጣጥፈው አዩ። ከጎን መቆምና ቆሞ ማየት! ተቃራኒ ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። የሚለያቸው ከኋላ የሚከተለው ነገር ነው። ሰው ከተከተለ ድጋፍ ነው፤ ምንም ካልተከተለ ዳር ቆሞ መመልከት።

«ስታንድ ባይ ፎር ቴክ ኦፍ» ስንል እንግዲህ «ለመነሳት ጠብቁ» ነው ወይስ «ለመነሳት ተዘጋጁ»? ተቆጣጣሪው «አይ ዊል ኮል ዩ» ብሎ በማከሉ ሐሳቡ ግልጽ ነበር። እሱንም ያ የሚጮህ ድምፅ በላው።

«ክሊር» ፍሬዛል ቨርብ አይደለም፤ ግን ያው ሕግ ይገዛዋል። «ክሊርድ ቱ» ብሎ የቦታ ስም ሲከተል እስከዚያ የመሄድ ፈቃድ ነው። «ክሊርድ ፎር ቴክ ኦፍ» አሁን የመነሳት ፈቃድ ነው። ፓን አሞቹ መንደርደሪያውን ስትለቁ አሳውቁ ለተባሉት ሲመልሱ «ዌን ዊ አር ክሊር» ማለታቸው ደግሞ ከመንደርደሪያው ስንወጣ ለማለት ነው፤ ፈቃድ የሚባል ነገር የለበትም። በመንገዴ ላይ አንድ ነገር ልጥቀስ። «ታክሲንግ ዳውን ዘ ራንዌይ» ውስጥ ያለው «ዳውን» ቁልቁል ማለት አይደለም። ርዝመቱን ተከትሎ መሄድ ነው። የበረራ መሐንዲሱም በደችኛ ሲጠይቅ የተጠቀመባት «አፍ» የምትል ቃል የእንግሊዝኛዋ «ኦፍ» የሥጋ ዘመድ ናት። «ከዚያ ላይ አልተላቀቀም እንዴ?» ነው ጥያቄው። አንዱ «ኦፍ» ከምድር መላቀቅ፣ ሌላው ከመንደርደሪያው መላቀቅ።

የአቪዬሽኑ መፍትሔ

ከአደጋው በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሬዲዮውን ቋንቋ አጠበበው። «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም የተሰጠው ሲሰረዝ ብቻ ነው። በሌላው ቦታ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። ዛሬ ያ ረዳት አብራሪ «ሬዲ ፎር ዲፓርቸር» ይላል፤ ተቆጣጣሪውም «አፍተር ዲፓርቸር» ይለዋል። ዋና ዋና መመሪያዎችን በ«ኦኬ» ማለፍም ቀረ፤ ተቀባዩ መልሶ ማንበብ አለበት።

ሌሎችም ፍሬዛል ቨርቦች በዚህ ወንፊት አልፈዋል። «ጎ አሄድ» በስልክ «ተናገር፣ እየሰማሁ ነው» ነው። አብራሪ ግን «ወደፊት ሂድ» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ስለዚህ እንግሊዞች በሬዲዮ «መልእክትህን ተናገር» በሚል ሐረግ ተክተውታል። «ላይን አፕ» በተራው ቋንቋ ሰልፍ መያዝ ነው። በአቪዬሽን መንደርደሪያው ላይ ወጥቶ መስመር መያዝ ነው፤ ብቻህን ሆነህም «ላይን አፕ» ትባላለህ። አሜሪካ «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» የሚለውን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት የራሷ ሌላ አባባል ነበራት።

ቃል በትክክል ተረድቶም ክብደቱን መሳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ 52 በረራ ወደ ኒውዮርክ ሲቃረብ ረዳት አብራሪው «ራኒንግ አውት ኦፍ ፊውል» ብሎ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም። «ራኒንግ አውት» ግን «እየቀነሰ ነው» ከሚለው እስከ «አለቀልን» የሚደርስ ሰፊ ቃል ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹም እንደ አደጋ ጥሪ አልወሰዱትም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 73 ሰው ሞተ።

ለተማሪ የሚተርፈው

አቪዬሽን ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ብሎ ማወጅ ይችላል። ተራ ሰው አይችልም። ስለዚህ የመርማሪዎቹን ዘዴ መዋስ ይሻላል፤ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ግራና ቀኙን ማየት። «ቴክ ኦፍ»ን እንሞክረው።

«ዘ ፕሌን ቱክ ኦፍ»፤ ተሳቢ የለም፣ አውሮፕላኑ ተነሳ። «ሺ ቱክ ኦፍ ኸር ኮት»፤ ተሳቢ አለ፣ ኮቷን አወለቀች። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ የግድ መሐል ይገባል፤ «ሺ ቱክ ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ቱክ ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሺ ቱክ ኤ ዊክ ኦፍ»፤ መሐል የገባው ጊዜ ነው፣ የሳምንት ፈቃድ ወሰደች። ቁጥር ወይም ገንዘብ ከገባ ቅናሽ ነው። «ዘ ቢዝነስ ቱክ ኦፍ»፤ ባለቤቱ ንግድ ነው፣ ሥራው ድንገት ተመነደገ። «ሂ ቱክ ኦፍ» ሰውዬው ከሆነ ደግሞ እብስ አለ። በሁሉም ውስጥ «ኦፍ» አንድ ሐሳብ ይዞ ይዞራል፤ ከያዘው ነገር መላቀቅ። ይህን ማወቅ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያደርስም። ኮቱንና ንግዱን የሚለየው «ኦፍ» ሳይሆን ማን ምን አደረገ የሚለው ነው።

ለዚህ ነው የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር መሸምደድን የማልወደው። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ አምስት ትርጉም የተደረደረበት ወረቀት ተማሪውን ያወቀ ያስመስለዋል። እኛ «ቁጭ አለ»ን ማን በዝርዝር አስተማረን? «አለ» ብቻውን መናገር ነው፤ «ቁጭ አለ» ውስጥ ግን የሚናገር የለም። የለመድነው ከነባለቤቱ፣ ከነሁኔታው ስለሰማነው ነው። ደብተር ላይ መጻፍ ካለበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ባለቤቱ ይታይ፤ ተሳቢው ያለበት ቦታ ይታይ፤ የስም ወንድም ካለው እሱም በራሱ ዓረፍተ ነገር ከጎኑ ይቀመጥ።

መለማመድ ለሚፈልግ «ጎ ኦፍ» ጥሩ ፈተና ነው። የቀስቃሽ ሰዓት «ጎ ኦፍ» ካለ መጮህ ጀመረ። መብራት «ጎ ኦፍ» ካለ ጠፋ። ቦምብ ፈነዳ፤ ወተት ተበላሸ። «አይ ዌንት ኦፍ ኢት» ያለ ሰው ደግሞ ድሮ የሚወደው ነገር አስጠልቶታል፤ እዚህ ተውላጠ ስሙ መሐል አይገባም፣ ከ«ቴክ ኦፍ» በተቃራኒ መጨረሻ ላይ ይቆያል። «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» ሲባል ሰዓቱ ጮኸ እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም። ማጥፋት ሲሆን ባለቤቱ ሰው ይሆናል፣ ግሱም ይለወጣል፤ «ሺ ተርንድ ኢት ኦፍ»።